የእናቴ ጋቢና የመረቡ በር

ሽማግሌው ስለ መረብ ሲያወሩ ዓሣ የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም ነበር። የሳቸው መረብ የብረት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኖርዌይ ውስጥ አንድ ወደብ አፍ ላይ የተዘረጋ፣ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ በውኃ ሥር ሹልክ ብሎ እንዳይገባ የሚከለክል መረብ። እሳቸው ያንን መረብ በምትጥለው መርከብ ላይ ባሕረኛ ነበሩ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ፍራንክፈርት፣ ኡንተርሊደርባህ በሚባለው ሰፈር፣ እግራቸውን እያጠብኩ ነው።

ሥራዬ ይኸው ነበር። አንድ የአረጋውያን ረዳት ድርጅት ጧት ጧት ይልከኛል። ከአልጋ አነሳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርስ አበላቸውና ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ። ሚስታቸው ጥላቸው ከሄደች ቆይታለች፤ ልጅ የላቸውም። ከእኔ በፊት የተላኩት ሠራተኞች አንዷም አልከረመችም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። ማንኪያቸውን ሆን ብለው መሬት ይጥላሉ። አጎንብሼ አነሳለሁ። ደግመው ይጥላሉ። ደግሜ አነሳለሁ። ሲበቃቸው፣ "ወገብሽ ጠንካራ ነው፤ አገርሽ እንጨት ስትሸከሚ ነው ያደግሽው አይደል?" ይላሉ። አቤት ምላስ! እኔ የተወለድኩት ምጽዋ፣ አባቴ ክሬን ነጂ በነበረበት ወደብ ዳር ነው፤ እንጨት ተሸካሚ ያየሁት አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ነው። ግን ማን ይነግራቸዋል? እኛ ቤት ሽማግሌ ሲናገር ዝም ይባላል። 

ሳሎናቸው ውስጥ ጠረጴዛውን ሙሉ የያዘ ረጅም የመስታወት ሣጥን ነበር። ውስጡ ውኃ የለውም። ወደቡን አሳንሰው ሠርተውበታል፤ ተራራው ከጀሶ፣ መሬቱ ከአሸዋ። ከላይ ከእንጨት የጠረቧት መርከብ ተቀምጣለች። አስቀያሚ ነገር ናት። አፍንጫዋ ላይ ሁለት ቀንድ ወጥቶባታል፤ መረቡ በቀንዶቹ መሃል እየተንሸራተተ ነው ባሕር የሚገባው። "ውጊያ አትችልም፤ መሮጥም አትችልም፤ ፎቶ ያነሳትም የለም" ይሉ ነበር። "ግን እሷ መረቧን ካልጣለች እነዚያ መድፍ የጫኑት ትልልቆቹ ሁሉ ዓይናቸውን አይከድኑም።" ስለ መርከቧ ሲያወሩ ብቻ ድምፃቸው ይለሰልሳል። የሰው ድምፅ ይሆናል።

የጎደለው መረቡ ነበር። እውነተኛው መረብ ከብረት ቀለበቶች የተሠራ ነው፤ አንዱ ቀለበት በጎረቤቱ ውስጥ እያለፈ፣ ከላይ በተንሳፋፊ በርሜሎች ተይዞ እስከ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። እሳቸው ይህን በቀጭን ሽቦና በጠርሙስ ቡሽ ሊሠሩ ጀምረው ሪህ ጣቶቻቸውን ጨብጦ አስቀራቸው። እጃቸው የዶሮ እግር መስሎ ነበር። ፒንሳ መያዝ አይችሉም፣ ማንኪያ መወርወር ግን ይችላሉ።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር። እናቴ አዲስ አበባ ብቻዋን ናት፤ ከእኔ ሌላ የላትም። በስደት ስወጣ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። እኔ እንዳልሄድ የስደተኛ ፓስፖርቴ ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገር ይሠራል ተብሎ ተጽፏል። እሷ ደግሞ ዓይኗ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ እንደማይመለስ ነግሯታል። እሷ የጠየቀችኝ መድኃኒት አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም። "ልጄ፣ ሳይጨልምብኝ ፊትሽን ልይ" ነው ያለችኝ። ለጥቂት ሳምንት እንድትመጣ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለቪዛው አንድ ሰው አውስሌንደርአምት በሚሉት የውጭ አገር ሰዎች መሥሪያ ቤት ቀርቦ "እኔ ኃላፊ ነኝ" ብሎ መፈረም አለበት። የኔ ደመወዝ አይበቃም ተባልኩ። የማውቃቸው ሐበሾች ሁሉ እንደኔው ናቸው። የሚበቃ ጡረታና ጀርመን ፓስፖርት ያለው የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ጧት ጧት ማንኪያ የሚጥልብኝ።

አልለመንኳቸውም። እግዜር ያውቃል፣ አፌን አልከፈትኩም። አንድ ቀን ዓይኔ አብጦ ሲያዩ ራሳቸው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ቡናቸውን ፉት አሉና፣ "ጥሩ" አሉ። "መረቤን ሥሪልኝ። የመረቡ በር ተሠርቶ የተዘጋ ዕለት አብሬሽ ሄጄ እፈርማለሁ።" ያንን የተጨበጠ እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ወለሉ ላይ ወድቄ ጉልበታቸውን ሳምኩ! በሕይወታቸው ጉልበታቸውን የሳመ ሰው ኖሮ አያውቅም መሰለኝ፣ ደነገጡ፤ ከዚያ ከት ብለው ሳቁ።

የዚያኑ ቀን የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። እናቴ ስልክ የላትም፤ ጎረቤት ቤት ተጠርታ መጣች። "እማዬ፣ አንድ ሽማግሌ ቃል ገቡልኝ" ስላት እልልታዋ ጆሮዬን ሊሰነጥቀው ደረሰ። "ስማቸውን ንገሪኝ፣ በጸሎት እንዳነሳቸው!" አለች። ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ስም ጧትና ማታ እየጠራች ስትመርቅ ኖረች።

ሥራዬን ስጨርስ እየቆየሁ መረቡን መሥራት ያዝኩ። ሽቦውን እርሳስ ላይ እጠመጥማለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ቀለበቱን ከጎረቤቱ አገናኝቼ በፒንሳ እገጥማለሁ። ጣቶቼ ይደማሉ። ሽማግሌው ወንበራቸውን አስጠግተው በማጉያ መስታወት ያያሉ። "ይህ ጠባብ ነው። ፍቺው።" እፈታለሁ። "ይህ ሰፊ ነው። ሰርጓጁ ያልፋል። ፍቺው።" የትኛው ሰርጓጅ? ጦርነቱ ሲያልቅ እኮ እኔ ገና አልተወለድኩም! አንዳንድ ቀን የሳምንት ሥራዬን በሙሉ ያስፈቱኝና፣ ስፈታው ፊቴን እያዩ ብስኩት ይበላሉ። "እናትሽ ምን ትበላለች? እንደናንተ በእጇ ነው?" ይሉኛል። "የታወረች ሴት ፍራንክፈርት መጥታ ምን ታያለች?" ይሉኛል። ጥርሴን ነክሼ እሠራለሁ። አንዱን ቀለበት በገጠምኩ ቁጥር እማዬ አንድ እርምጃ የቀረበች ይመስለኝ ነበር።

ቦናመስ በሚባለው ሰፈር ከሚገኘው ቤቴ በላይ አንድ ኤርትራዊ አባት ይኖሩ ነበር፤ አቦይ እላቸዋለሁ። ሳክሰንሃውሰን አንድ መጠጥ ቤት ጓዳ ድስት ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እጄን አይተው ሁሉን አወጣጡኝ። "ጓለይ፣ ልጄ፣ አሁኑኑ ይዘሽው ሂጂና አስፈርሚው" አሉ። "ሥራው ካለቀ በኋላ ምን ይዘሽ ትጠይቂዋለሽ?"

"እንዴት አድርጌ አቦይ? የአባቴ ታላቅ የሚሆኑ ሰው እጃቸውን ሰጥተውኝ፣ አላምንዎትም ልበላቸው? ነውር አይደለም?"

"ነውሩ ላንቺና ለኔ ነው። እሱ ነውርን የት ያውቀዋል? ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብሻል" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተቆጣኋቸው። እውነቴን ነው፣ ተቆጣሁ። ጀርመንን ሁሉ በአንድ ሚዛን ይመዝናሉ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱም ለሽማግሌው በኩራት የአገሬን ተረት ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ጀርመንኛው አልተዋጣልኝም ነበር፤ ግን ገባቸው። ማጉያቸውን አስቀመጡ። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። ፊታቸውን ወደ መርከቧ አዞሩ። የዚያን ዕለት አንድም ቀለበት አላስፈቱኝም። እኔ ሞኟ ልባቸውን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ።

ክረምቱ ሄዶ ዛፎቹ ቅጠል ሲያወጡ መረቡ አለቀ። የቀረው በሩ ነበር። ከመረቡ አንዱ ክፍል በሁለት ትንንሽ ጀልባዎች መካከል የተያዘ ነው፤ ክሩን ሲለቁት ይከፈታል፣ ሲስቡት ይዘጋል። የወገን መርከብ የሚገባው በዚያ ነው። የመጨረሻዋን ቀለበት ገጠምኩና ክሩን ሳብኩ፤ በሩ ግጥም ብሎ ተዘጋ። እሰይ! መሥሪያ ቤቱ ቀጠሮ ሰጥቶኝ ነበርና ወገቤን ቀና አድርጌ፣ "ለማክሰኞ ቴርሚን አለን" አልኳቸው። ወንበሩን የሚጭን ታክሲም ጠይቄ ነበር።

"የምን ቴርሚን?"

"የእናቴ። የፊርማው።"

"ቁጭ በይ" አሉኝ። ከዚያ በፊት ቁጭ በይ ብለውኝ አያውቁም።

እንዲህ ብለው ነገሩኝ። በወጣትነታቸው በሩን የሚስበው መዘውር ላይ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። አንድ ጭጋጋም ቀን የመርከባቸው ጀልባ የተበጠሰ መረብ ልትጠግን ወደ ውጭ ወጣች፤ ታናሽ ወንድማቸው ጀልባዋ ላይ ነበር። ወዲያው ሰርጓጅ ታየ የሚል ወሬ መጣ። አዛዡ በሩን አዘግቶ፣ "እኔ ሳላዝህ አትከፍትም፤ ቃል ግባ" አላቸው። ቃል ገቡ። ጀልባዋ ተመልሳ ስትመጣ ማዕበሉ ከመረቡ ጋር አላትሞ ሰበራት። ሰዎቹ ተንሳፋፊዎቹን ይዘው ውኃ ውስጥ ቀሩ። ወንድማቸው በስማቸው ሲጠራቸው ይሰሙ ነበር። እጃቸው መዘውሩ ላይ ነው። አዛዡ አላዘዘም። እሳቸውም አልከፈቱም። ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ወንድማቸው ጣቶቹን ቀለበቶቹ ውስጥ እንደቆለፈ ደርቆ አገኙት፤ ጣቶቹን ለማስለቀቅ ፒንሳ አስፈለገ።

"ሰርጓጅ አልነበረም" አሉ። "ወሬ ነበር። ለእኔ ግን ሜዳሊያ ሰጡኝ፤ ቃሉን የጠበቀ ብለው።"

እንባዬ ይወርድ ነበር። እጃቸውን ልይዝ ተነሳሁ። እጃቸውን ነጠቁኝ።

"የናንተ ተረት የውሻ ተረት ነው" አሉኝ። "እኔ የተናገርኩት እንዳይጠፋ ብዬ ወንድሜን አጠፋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቃሌን ጠብቄ አላውቅም። ለሚስቴ አልጠበቅሁም፣ ለማንም አልጠበቅሁም። ለአንቺ የምጠብቅበት ምን ምክንያት አለ?"

"እናቴ እኮ ዓይኗ ይጨልምባታል" አልኩ።

"ይጨልምባት" አሉ። ፊቴን እያዩ ነበር፤ ልክ የሳምንት ሥራዬን እንደሚያስፈቱኝ ቀን። "ወንድሜም ጠርቶኝ ነበር። እናትሽ ከሱ ትበልጣለች?" ከዚያ ቁርሳቸው ላይ ቅቤው ማነሱን ነገሩኝ።

ከዚህ በኋላ እሳቸው የለም። እሱ ነው የምለው። አንቱታ ለሚገባው ነው፤ እኔ ጉልበቱን የሳምኩት ሰውዬ ግን ሐዘኑን እንደ ቢላዋ ሲስል የኖረ ሰው ነው። ወንድሙ ሞተበት፤ አዝናለሁ። የኔ እናት ገደለችው እንዴ?

ማክሰኞ ታክሲው መጣ፤ ባዶውን መለስኩት። ሥራውንም አልተውኩም፤ የቤት ኪራዬ በሱ ላይ ነው። ድርጅቱ ሌላ ሰው የለንም አለ። ጧት ጧት እየሄድኩ አጠብኩት፣ አበላሁት። ማንኪያ ሲጥል አላነሳሁም፤ በእጁ እንዲበላ ተውኩት። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። በደወልኩ ቁጥር "ምን አሉ?" ትለኛለች፤ "እያሰቡበት ነው" እላለሁ። ምን ልበላት? ማክሰኞ ይፈረማል ስላልኳት ተሸኝታለች እኮ! ሰፈርተኛው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ፣ ሽማግሌዎቹ በሰላም ግቢ ብለው መርቀው ሸኝተዋታል። ተሸኝቶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የኛ ሰው ያውቀዋል። ደጅ መውጣት ያሳፍራል፤ ያየሽ ሁሉ "አልሄድሽም እንዴ?" ይልሻል።

ይህን የነገሩኝ አቦይ ናቸው። በበጋው መጨረሻ ዘመድ ሞቶባቸው አዲስ አበባ ደርሰው ተመለሱና ቤቴ መጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አስቀመጡ። ጋቢ ነበር፤ አዲስ፣ ነጭ፣ ውፍር ያለ።

"ላንቺ አይደለም" አሉ። "ለሽማግሌው ነው። ጥጡን እናትሽ ራሷ ፈትላ ሸማኔ ጋ ወስዳ አሠራችው። ብርድ አገር ናቸው፣ ጉልበታቸውን ይሸፍኑበት ብላለች። እሄዳለሁ ብላ አልጋዋን ለሰው ስለሰጠች መሬት ነው የምትተኛው።"

"አቦይ፣ ሰውዬው እምቢ ብሏል" አልኳቸው።

ነግሬሽ ነበር አላሉኝም። ጋቢውን መልሰው ጠቀለሉና፣ "ቢሆንም አደራ ነው፤ አድርሺ" አሉ።

አደራ ነው። አደራ የበላ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እናቴ ስትፈትል የዋለችውን ለሱ ከመስጠት ጣቴን ብቆርጥ እመርጥ ነበር፤ ግን ወሰድኩት። ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁለትና፣ "እናቴ የላከችልህ ነው" አልኩት። በጀርመንኛም አንተ ነበር ያልኩት። ጫፉን በተጨበጠ እጁ ዳበሰው፣ አፍንጫው ላይ አስጠግቶ አሸተተው። "በግ በግ ይላል" አለ። ጥጥ መሆኑን ልነግረው አልደከምኩም። ትቼው ወጣሁ።

በማግስቱ ጧት ስገባ ጋቢው ጉልበቱ ላይ አልነበረም። የመስታወት ሣጥኑ ላይ ተዘርግቷል። ከሰዓት በኋላ ለምትመጣው ጽዳት ሠራተኛ ነግሯት ነው። "ለአቧራ ጥሩ ነው" አለኝ፤ ደስ ብሎታል። "እናትሽን አመስግኛት።"

ከአልጋ አነሳሁት፣ አጠብኩት፣ አለበስኩት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና ከጠረጴዛው ራቅ አድርጌ ፍሬኑን ረገጥኩ። በዚያ እጁ ፍሬን መፍታት እንደማይችል አውቃለሁ። ጋቢውን አነሳሁ፣ አራገፍኩ፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ፒንሳውን ያዝኩ።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ።

የመጀመሪያውን ቀለበት ከበሩ ላይ ቆረጥኩት። ጠብ ብሎ አሸዋው ላይ ወደቀ።

"ተይ!" አለ። ሁለተኛውን ቆረጥኩ። ፊቴን አዙሬ ፊቱን እያየሁ ነበር የምቆርጠው፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው። መጀመሪያ ሰደበኝ። ከዚያ ለፖሊስ እንደሚደውል ነገረኝ፤ ስልኩ ኮሪደር ላይ ነው። በሩ ተበጥሶ ሲንጠለጠል ግን ድምፁ ተለወጠ። "ዝጊው" አለ፤ "ዝጊው፣ እባክሽ ዝጊው!" የወንድሙን ስም ጠራ። ደጋግሞ ጠራው። ሽማግሌ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ልቤ አልራራም። ፒንሳውን ጉልበቱ ላይ፣ ያኔ የሳምኩት ቦታ ላይ አስቀመጥኩለትና፣ "እዘጋዋለሁ ብዬ ቃል አልገባሁም" አልኩት። ፍሬኑን ፈታሁ። ቁርሱን ከፊቱ አደረግሁና ወጣሁ። ድርጅቱ በዚያው ሳምንት አባረረኝ።

እሑድ ስልክ ቤት ገባሁ፤ ጋቢውን ብርድ ስለነበር ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ። ሁሉን ልነግራት ቆርጬ ነበር። እማዬ ተጠርታ መጣች፤ ከሰላምታው በፊት፣ "ጋቢው ደረሰ?" አለች።

"ደረሰ እማዬ።"

"ለበሱት?"

ጫፉን ጨበጥኩት። እንደ ዳቦ ለስላሳ ነበር። "ለበሱት" አልኳት።

"ሞቃቸው?"

"ሞቃቸው።"

"ተመስገን! እንግዲያ አሁን ጠይቂያቸው" አለች። "የሞቀው ሰው ሆዱ ይራራል። ግን ቶሎ በይ ልጄ። ሐኪሙ አትፍተይ ብሎኝ ነበር፤ የቀኙን ዓይኔን ጥጡ ላይ ጨረስኩት። ግራውን ላንቺ አስቀምጬዋለሁ።"